እትዬ ቆዩ እና የሚሰርገው ግድባችን

እስቲ ማይኩን ትንሽ ከፍ አድርጉልኝ። ከኋላ ያላችሁ ይሰማል? ጥሩ። ሥራ አስኪያጃችን «አምስት ደቂቃ ብቻ» ብለውኛል። እትዬ ደግሞ ከወንበራቸው ሆነው በዓይናቸው «ሦስት ይበቃሃል» እያሉኝ ነው። እኔ ግን እኚህን ሴት ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ስሰማቸው ኖሬአለሁ። ዛሬ በጡረታ ስንሸኛቸው ግን ተራው የእሳቸው ነው። ይስሙኝ።

ለቤተሰቦቻቸው ራሴን ላስተዋውቅ። የግድብ ደህንነት መሐንዲስ ነኝ። ሥራዬ ያረጁ ግድቦችንና ዳይኮችን መጠገን ነው። ዳይክ የምንለው ወንዝ ሞልቶ ሰፈር እንዳይገባ ዳርና ዳሩን የሚከመረውን የአፈር ግንብ ነው። የእትዬ ሥራ ደግሞ እኔ ስጠግን ምን እንደማበላሽ አስቀድሞ ማወቅ ነው። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ይባላል። በአጭሩ እኔ ለመጀመር ስጣደፍ እሳቸው «ቆዩ!» ሲሉ ነው ዕድሜአችን ያለቀው። «እትዬ ቆዩ» የሚለውን ስም ማን እንዳወጣላቸው ዛሬ አልናገርም። እሺ፣ እኔ ነኝ።

የመጡበትን ቀን ልንገራችሁ። ሰኞ ጠዋት ነው። የበሩ ጥበቃ ቢሮዬ ደወለልኝ።

«ኢንጂነር፣ አንዲት ሴትዮ መጥተዋል። በአንድ እጃቸው የጎማ ቦቲ ይዘዋል፣ በሌላው ውሃ የሞላ ጠርሙስ። ጠርሙሱ ውስጥ የሚዋኝ ነገር አለ።»

«ምን ፈልገው ነው?»

«እንጃ። ዓሣ የሚሸጡ ይመስለኛል።»

«ዛሬ አንገዛም በላቸው» ብዬ ስልኩን ዘጋሁት።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ስብሰባ ተጠራን። የድሮው ሥራ አስኪያጃችን በሩን ከፍተው «አዲሷን የአካባቢ ተጽዕኖ ባለሙያችንን ተዋወቁ» አሉ። ዓሣ ሻጯ ገቡ! ለካ ሲመጡ ወንዙ ጋ ወርደው የእንቁራሪት ልጆች ለናሙና ይዘው ኖሯል። ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ፣ ልክ እኔ በዘረጋሁት ንድፍ መሐል አስቀመጡና ዙሪያውን ቃኝተው «ዛሬ አንገዛም ያለው የትኛው ነው?» አሉ።

ሰባት ሰው ነበርን። ስድስት ጣት ወደ እኔ ተቀሰረ። አንድም የሚያድን ጠፋ።

ያን ቀን ሌላም ነገር ጠይቀውኝ ነበር። ንድፉ ላይ ያለውን ሰማያዊ መስመር በጣታቸው እየተከተሉ ወረዱና «ይህ ወንዝ የት ሄዶ ነው የሚያልቀው?» አሉኝ።

«ወረቀቱ ጫፍ ላይ።»

«ከወረቀቱ ጫፍ በኋላስ ማን አለ?»

«ከዚያ በኋላማ ሌላ ወረቀት ነው» አልኩ። ቀልድ የተናገርኩ መስሎኝ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም፤ ማስታወሻ ያዙ። ያ ማስታወሻ ደብተር ምን እንደሠራ ወደ በኋላ እነግራችኋለሁ።

ሾፌራችን እዚህ አለ፣ ይመስክር። ወደ ግድቡ የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። እትዬ ካሉበት አምስት ነው። በየቱቦው፣ በየድልድዩ፣ ኩሬ በታየበት ሁሉ «እዚህ ጋ ቆም በልልኝ» ነው። አንድ ቀን ሾፌራችን ቢመረው «እትዬ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። የእኛ እንቁላል ግን ሄዶ፣ ደርሶ፣ ይኸው እየተመለሰ ነው» አላቸው። ምን ቢሉት ጥሩ ነው? «ካገኘኸው ቆም በልልኝ፣ የምን ወፍ እንደሆነ ልየው።» አሁን በሽታው ለራሱ ተጋብቶበታል። ባለፈው ወር እኔን ብቻ ይዞ ሲሄድ ማንም ሳያዘው መኪናውን ዳር አስይዞ «ኢንጂነር፣ ያቺ ዘንድሮ ቀድማ መጣች» አለኝ። ደንግጬ ማን መጣች ብዬ ዞር ስል ወፍ ነች።

ሪፖርት ሲያነቡስ? አረንጓዴ እስክሪብቶአቸውን የማያውቅ እጁን ያውጣ። እኔ «ፕሮጀክቱ ጉልህ ተጽዕኖ አይኖረውም» ብዬ እጽፋለሁ። ከጎኑ በአረንጓዴ «ማን አለ?» ተብሎበት ይመለሳል። አንድ ጊዜ ነገሩ ሲያንገሸግሸኝ ከሥሩ «እኔ» ብዬ ጽፌ መልሼ ላክሁት። በማግስቱ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። «ለአንተስ ማን ነገረህ?» ይላል።

የሂሳብ ክፍላችን ኃላፊ፣ ይቅርታ አድርግልኝ፣ ያንተንም መናገሬ ነው። ሰውዬው አንድ የሚያቃጥል ቀን ከቢሮው ፍሪጅ ጠርሙስ አውጥቶ ግማሹን ከጨለጠ በኋላ ነው የተለጠፈበትን ያነበበው። «ጣቢያ አራት፣ ከከብቶች ማጠጫ በታች» ይላል። እየሮጠ እትዬ ጋ ሄደ። «እትዬ፣ ውሃው ውስጥ ምን አለበት?»

«እሱን ለማወቅ ነበር ወደ ላቦራቶሪ ልልከው ያሰብኩት» አሉት ረጋ ብለው። «አሁን ግን አንተን ልልክ ነው።»

ይኸው ደህና ነው፣ በሕይወት አለ። ውሃ ግን እስከ ዛሬ ከቤቱ ይዞ ነው የሚመጣው።

ያቺን የመስክ ሰደርያቸውንም ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። አሥራ አንድ ኪስ አላት። የሰፉላቸው እዚህ ጎናቸው የተቀመጡት ባለቤታቸው ናቸው። ጋሼ ልብስ ሰፊ እንደሆኑ የማታውቁ ካላችሁ ዛሬ እወቁ። በየዓመቱ አንድ ኪስ ይጨምሩላቸው ነበር። «አሥራ ሁለተኛውን ለምን ተዉት?» ብዬ ስጠይቃቸው «ልጄ፣ ከዚህ በኋላ ከጨመርኩ ሴትዮዋ የምትገባበት ቦታ የለም» አሉኝ።

እንግዲህ ስቀናል። ግን እትዬ ሁልጊዜ ልክ ነበሩ ብዬ ብናገር መጀመሪያ የሚቆጡኝ ራሳቸው ናቸው። ስለዚህ የዛፎቹን ነገር ልናገር።

ከከተማው በላይ ባለው ዳይክ ላይ የበቀሉ ትልልቅ ዛፎች ነበሩ፤ ዘጠኝ ናቸው። እኔ «ይቆረጡ፤ ሥራቸው የአፈሩን ግንብ ውስጥ ለውስጥ ይበሳሳዋል» አልኩ። እሳቸው «ወፍ ጎጆ የሚሠራበት፣ ሰው የሚጠለልበት ሌላ ጥላ በዚያ ዳር የለም፤ ሥሩም አፈሩን ይዞታል» አሉ። ሦስት ዓመት ተከራከርን። አሸነፉኝ። በአራተኛው ዓመት ነፋስ ተነሣና አንዱን ዛፍ ነቅሎ ጣለው። ሥሩ ሲነሣ ከዳይኩ ላይ መኪና የሚያስገባ ጉድጓድ ገምሶ ወሰደ። ደግነቱ ወንዙ ጎድሎ ነበር፣ ማንም አልተጎዳ።

እትዬ መጥተው አዩት። ጉድጓዱ ጫፍ ላይ ተንበርክከው ጥልቀቱን ለኩ። እኔ አፌ ድረስ የመጣ ነገር ነበረኝ፤ ፊታቸውን ሳይ ዋጥኩት። በማግስቱ ጠዋት ቢሮዬ ገቡና አንድ ወረቀት አስቀመጡልኝ።

«ምንድን ነው እትዬ?»

«ተሳስቼ ነበር። የተሳሳትኩበትን ምክንያት ጽፌዋለሁ። ፋይል ውስጥ ይግባ።»

«ኧረ ይተዉት፣ እኔና እርስዎ ካወቅን ይበቃል።»

«አይበቃም። ነገ እኔን አምኖ ሌላ ዳይክ ላይ ዛፍ የሚተው ሰው ይኖራል። ይግባ።»

ገባ። እስካሁንም አለ። የቀሩትን ስምንት ዛፎች እንዲቆረጡ የፈረሙት ራሳቸው ናቸው። በርግጥ ጫጩቶቹ እስኪበሩ ሦስት ሳምንት አስጠብቀውኛል፤ በምትኩም ከዳይኩ ግርጌ ራቅ አድርገው ሠላሳ ችግኝ አስተክለውኛል። አስተክለውኛል ስል ቃል በቃል ነው። አካፋውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ።

አሁን ወደ ትልቁ ጸባችን ልግባ። ይህንን ወጣቶቹ አታውቁትም።

አሮጌው ግድባችን ከሥሩ ውሃ ይሰርግ ነበር። አፈር ግድብ ሁሉ ትንሽ ይሰርጋል፣ ይህኛው ግን ከዓመት ዓመት እየባሰበት ሄደ። ከታች ሠላሳ ሺህ ሰው የሚኖርበት ከተማ አለ። እኔ እንቅልፍ አጣሁ። መፍትሔው ግልጽ ነው፤ በግድቡ ሆድ ውስጥ ውሃ የማያሳልፍ ግድግዳ ማውረድና ስርገቱን ማቆም። ንድፉ አለቀ፣ ማሽኑ ተዘጋጀ፣ ክረምት ሊገባ አምስት ወር ቀረው። እኔም ከአየር ላይ የተነሣ ፎቶ አይቼ «ከግድቡ በታች ያለው መሬት ጥቅም የማይሰጥ ረግረግ ነው» ብዬ ጻፍኩ።

መልሱን ገምታችኋል። «ማን አለ?» ቀጥሎም ራሳቸው መጡና «ቦቲ አለህ?» አሉኝ። አልነበረኝም። በቆዳ ጫማዬ ሄድኩ። አሥር እርምጃ ሳልሄድ ረግረጉ አንዱን ጫማዬን ዋጠው። ጎንበስ ብዬ ስቆፍር አንዲት ሴት ከሸምበቆው መሐል ብቅ አለችና በአንድ እጇ መዝዛ አወጣችልኝ። ለካ እዚያ «ጥቅም የማይሰጥ» ያልኩት መሬት ላይ አሥራ አራት ሴቶች ጎመን፣ ሽንኩርትና ሰላጣ ያለማሉ። የሚጠጡትም እዚያው ከቆፈሩት ሦስት ጉድጓድ ነው።

ጫማዬን ያወጣችልኝን አትክልተኛ «ይህ ውሃ ከየት እንደሚመጣ ታውቂያለሽ?» አልኳት።

«ከግድቡ ነዋ።»

«ግድቡ እኮ ስለታመመ ነው የሚያፈሰው።»

«እኛ ደግሞ እያፈሰሰ ነው ልጅ ያሳደግነው» አለችኝ።

እትዬ ባልዲያቸውን አወጡና መለካት ጀመሩ።

ቢሮ ስንመለስ ስድስት ሳምንት ጠየቁ። የሚሰርገው ውሃ ስንት እንደሆነ፣ ከጉድጓዶቹ ጋር እንዴት እንደሚገናኝ ሳይለካ ግድግዳው አይወርድም አሉ። እሳት ላይ ጣዱኝ! ስብሰባ መሐል ተነሥቼ ጮህኩ። «ክረምት እየመጣ ነው! ግድቡ ቢደረመስ ለሠላሳ ሺህ ሰው ማን ይጠየቃል? እርስዎ የእንቁራሪት ጠበቃ ነዎት!» ሰው ሁሉ ሳቀ።

እትዬም ፈገግ አሉ። «እንቁራሪት ጠበቃ የምትቀጥርበት ስለሌላት ነው» አሉ። ከዚያ ፈገግታው ጠፋና ቀጥ አድርገው አዩኝ። «ሰው እንዳይሞት እኔም እፈልጋለሁ። ግድቡ መጠገን አለበት፣ በዚህ አልከራከርህም። ግን ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ጉድጓዱ ሲደርቅ እነዚያ ሴቶች ዶማ ይዘው ግድቡ ሥር ነው የሚመጡት፤ ውሃ ፍለጋ ግድብህን ይቆፍሩታል። ያኔስ ማን ይጠየቃል?»

ይህን አላሰብኩም ነበር። እውነቱን ነው የምነግራችሁ፣ ፈጽሞ አላሰብኩትም።

በአራት ሳምንት ተስማማን። በየቀኑ ማለዳ ባልዲና ሰዓት ይዘው ይለኩ ነበር። እኔም ንድፉን ከልሼ ጻፍኩ። ግድግዳው ወረደ፣ የበሽታው ስርገት ቆመ፤ በምትኩ ግድቡ ካጠራቀመው ሐይቅ በቀጭን ቧንቧ የተለካ ውሃ ለረግረጉና ለጉድጓዶቹ እንዲደርስ ተደረገ። አልፎ አልፎ ከግድቡ የሚወጣው ጥቂት ውሃ ደግሞ በቦይ ተሰብስቦ አትክልቱ ዳር ባለ፣ መጠኑና ጥራቱ በሚታይበት የሲሚንቶ ሳጥን ውስጥ እንዲያልፍ አደረግን። ሥራው ክረምት ሊገባ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው አለቀ። እነዚያ ዘጠኝ ቀናት ፀጉሬን ምን እንዳደረጉት ይታያችኋል።

እትዬ ግን አልጨረሱም። አትክልተኛዋን ጠርተው ሳጥኑን አሳዩአትና የስልክ ቁጥራቸውን ሰጧት። «ውሃው ከቀነሰ ደውይልኝ። ከበዛ ደውይልኝ። ከደፈረሰ ግን በእጅሽ ያለውን ሁሉ ጥለሽ ደውይልኝ።» እኔ በሆዴ ሳቅሁ። የግድብ ደህንነት ለጎመን ተካይ ተሰጠ አልኩ።

ሦስተኛው ክረምት ላይ ነው። እሑድ፣ ከምሳ በኋላ፣ አማቼ ቤት ቁጭ ብያለሁ። ስልኬ ጮኸ። እትዬ ናቸው። «ተነሥ። ውሃው እንደ ሻይ ሆኗል ብላ ደውላልኛለች።»

ሙያውን ለማታውቁ፣ ከግድብ የሚወጣ ንጹሕ ውሃ አያስፈራም። የደፈረሰ ከሆነ ግን የግድቡን አፈር ከውስጥ እየበላው ነው ማለት ነው። ሾፌራችን ይዞን በረረ። እትዬ በመንገድ ላይ አንድ ቦታ እንኳ «ቆም በልልኝ» አላሉም። ያን ጊዜ ነው የምር የፈራሁት።

ስንደርስ ግድግዳችን ባልደረሰበት፣ ግድቡ ከኮረብታው ጋር በሚገናኝበት በኩል ጭቃ እየተፋ ነው። ማድረግ ያለብን ሁለት ነገር ነበር። ቀዳዳው ላይ አሸዋና ጠጠር መጫን፣ ሐይቁን ደግሞ ቶሎ ዝቅ ማድረግ። ሐይቁን ለማውረድ የታችኛው ማስተንፈሻ ይከፈታል። ማስተንፈሻው ሲከፈት ወንዙ በአንድ ጊዜ ይሞላል። ዝናቡ ለጥቂት ቀን አባርቶ ነበርና ወንዙ ዳር ሰው በሰው ነው፤ ልብስ አጣቢ፣ አሸዋ ጫኝ፣ ከብት አጠጪ።

እኔ መክፈቻውን ይዤ ቆሜአለሁ። ብዘገይ ግድቡ፣ ብቸኩል ሰዎቹ። ላብ ዓይኔ ውስጥ ይገባል።

እትዬ ከአሥራ አንዱ ኪስ ያንን የድሮ ደብተር አወጡ። በየጥናቱ ወንዙን ይዘው ሲወርዱ ያነጋገሩት ሰው ሁሉ ስልክ ተጽፎበታል፣ ከላይ እስከ ታች፣ በተራ። መደወል ጀመሩ። «ሁሉንም ከወንዙ አውጣ። አሁኑኑ። አዎ፣ በጎቹንም።» አንድ በአንድ ከስሙ ጎን ምልክት ያደርጋሉ። ሠላሳ ደቂቃ አለፈ።

«እትዬ፣ ልክፈት?»

«ቆይ።»

«እትዬ፣ ግድቡ!»

«ቆይ አልኩህ! ጀልባ ቀዛፊው አያነሣም።» ሚስቱ ጋ ደወሉ። ሚስቱ ስልኳን እንደያዘች ወደ ወንዙ ስትሮጥ ትንፋሿ እኔ ድረስ ይሰማ ነበር። ከዚያ አንድ ጩኸት፣ ከዚያ የሰውየው ድምፅ። እትዬ ዓይናቸውን ጨፈኑና «ወጥቷል። ክፈት» አሉ።

ከፈትኩ። በመንገድ ሳለን የጠራኋቸው ገልባጮች ጠጠር ሲያራግፉ፣ እኔና ሠራተኞቹ አሸዋ ስንጭን፣ አሥራ አራቱም ሴቶች በማዳበሪያ ከረጢት ሲያቀብሉን ዋልን። አመሻሹ ላይ ሳጥኑ ጋ ሄጄ ጎንበስ አልኩ። ውሃው ጠርቷል። እዚያው ጭቃው ላይ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። እትዬ አጠገቤ ቆመው «ተነሣ፣ ሱሪህን ማን ያጥበዋል» አሉኝ።

አሁን እዚህ ሰው ፊት ልናገር የመጣሁት ነገር ይህ ነው። የዚያን ቀን ሪፖርት በእኔ ስም ነበር የወጣው። የበላይ መሥሪያ ቤቱ ሰርተፊኬት ሰጠኝ፤ ጭብጨባ ነበር፣ ፎቶ ነበር። ከመድረክ ላይ ሆኜ እትዬን አየኋቸው፤ ከሁሉም በላይ ያጨበጭቡ ነበር። አንድ ቃል ማለት እችል ነበር። አላልኩም። «ነገ እነግራቸዋለሁ» አልኩ። ነገ ዓመት ሆነ፣ ዓመቱ አሥራ አንድ ሆነ። እሳቸው አንድም ቀን አላነሡብኝም። የራሳቸውን ስህተት ፋይል ውስጥ አስገብተው፣ የእኔን ዝምታ ግን የትም አልጻፉትም።

እትዬ፣ ያ ምስጋና የእርስዎ ነበር። የእርስዎና የአትክልተኛዋ። ይቅርታ ያድርጉልኝ። ዛሬ ጠዋት ይህንኑ በጽሑፍ አድርጌ ለሥራ አስኪያጃችን አስረክቤአለሁ።

…ምን አሉ? ጮክ ብለው ይናገሩት እስቲ። «ምግቡ ቀዘቀዘ፣ ቁጭ በል» ነው የሚሉት። አየ እትዬ! እሺ፣ እጨርሳለሁ። ግን እንባዎን ይጥረጉ መጀመሪያ። ጋሼ፣ መሐረብ ያቀብሏቸው፤ ከአሥራ አንዱ ኪስ በአንዱ ይኖራል።

እርስዎንም ጋሼ፣ እናመሰግናለን። ስንት እሑድ ወስደንብዎታል። ልጃቸው እዚህ አለሽ፤ እናትሽ የምረቃሽ ቀን ጫማቸው ላይ ጭቃ ይዘው በመድረሳቸው እንደተቀየምሽ ሰምቻለሁ። ያን ጠዋት የት እንደነበሩ አውቃለሁ፣ አብሬአቸው ነበርኩ። በኋላ ለብቻሽ አጫውትሻለሁ። ስትሰሚው ትኮሪያለሽ።

እንግዲህ ብርጭቆአችሁን አንሡልኝ። ባዶ የያዛችሁም አንሡ፣ ለእሳቸው ሲሆን ይሞላል። የሂሳብ ክፍል፣ አንተ ያመጣኸውን አንሣ።

እትዬ፣ ጉልበትዎ ይጽና። ዓይንዎ አይድከም። ከጋሼ ጋር ዕድሜ ይስጣችሁ፤ እርስ በርስ የምትሰለቻቹበት ጊዜ አይምጣ። የልጅ ልጅ ይሳሙ፣ የተከሉት ይጽደቅልዎ፣ ስልክዎ የሚጮኸው ለደስታ ብቻ ይሁን።

ዛሬ ወንዙ ዳር ልብስ የሚያጥበው፣ አሸዋ የሚጭነው፣ ጀልባ የሚቀዝፈው ሰው ሰላም ውሎ ሰላም ይገባል። ማን እንደጠበቀው አያውቅም፤ ስምዎንም ሰምቶት አያውቅ ይሆናል። እኛ ግን እናውቃለን፤ አብረንዎት ነበርን።

ለእትዬ! ለጤናዎ!